ከቅኔ ቤት እስከ ቴአትር መድረክ፤ የቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ ሕይወት

ለማስተማር ልምምድ የምንወጣበት ሳምንት ሲቃረብ በየመኝታ ክፍሉ የሚወራው ስለ ትምህርቱ ይዘት አይደለም። ይዘቱንማ እናውቀዋለን። የሚወራው ስለ መቆም ነው። አምሳና ስልሳ ተማሪ ዓይኑን ተክሎ ሲያይ፣ ከኋላ ደግሞ ተቆጣጣሪው መምህር ደብተራቸውን ይዘው ሲቀመጡ ጉሮሮ ይደርቃል፤ እጅም የሚገባበት ይጠፋዋል። ይህን የምጽፈው እኔ ራሴ በመጀመሪያው ልምምዴ አርባውን ደቂቃ ከሞላ ጎደል ለጥቁር ሰሌዳው ነበር ያስተማርኩት። ፊቴን ማዞር አቅቶኝ ስጽፍና ሳጠፋ፣ ሳጠፋና ስጽፍ ደወሉ ተደወለ። ሰሌዳው መቼም አንድም ጥያቄ አልጠየቀኝም።

ብዙዎቻችን በሰው ፊት መናገር የተፈጥሮ ስጦታ ነው ብለን እናምናለን። አንዱ አንደበተ ርቱዕ ሆኖ ይወለዳል፣ ሌላው ዓይነ አፋር ሆኖ ይወለዳል፣ አለቀ። እንዲህ ከሆነማ ይህ ኢንስቲትዩት ለምን አስፈለገ? ነገሩን ለመመርመር ያመች ዘንድ የአገራችንን የጎጃምን ልጅ የቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤን ሕይወት ዛሬ በዚህ የግድግዳ ጋዜጣ ላይ አነሣለሁ። ዮፍታሔ ባለቅኔና የቴአትር ደራሲ እንደ ነበሩ የታወቀ ነው። መምህርና የትምህርት ቤት ዲሬክተር እንደ ነበሩ ግን ብዙ ሰው ይዘነጋዋል። እኛን የሚመለከተን ይበልጡን ይኸኛው ነው።

ዮፍታሔ በ1887 ዓ.ም. በደብረ ኤልያስ ተወለዱ። ደብረ ኤልያስ ከደብረ ማርቆስ በምዕራብ በኩል የምትገኝ በሊቃውንቷ የታወቀች አገር ናት። እንደ ማንኛውም የዚያ ዘመን የካህናት አገር ልጅ ፊደል ቆጥረው፣ ዳዊት ደግመው፣ ወደ ዜማና ወደ ቅኔ ገቡ። ስማቸው ላይ የምናየው ቀኝ ጌታ የሚለው ማዕርግም ከዚያው ከቤተ ክርስቲያን የመጣ ነው፤ በማሕሌት ጊዜ የቀኙን ወገን የሚመራው ባለ ሥልጣን መጠሪያ ነው።

ስለ ቅኔ ትምህርት ለደብረ ወርቅ ሰው መተረክ ለቀባሪው ማርዳት ነው። ከመካከላችንም ትናንት አኩፋዳውን ሰቅሎ ወደዚህ የመጣ አለ። ነገር ግን ከዘመናዊ ትምህርት ቤት ብቻ ለመጣችሁት ስል ጥቂት ልዘርዝር፤ ምክንያቱም የዮፍታሔ ድፍረት የተሠራው እዚያ ነው ብዬ አምናለሁ።

የቅኔ ተማሪ መጀመሪያ ከአገሩ ይወጣል። ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ ከማያውቀው ሰው ደጅ ይቆማል። ውሻው ይመጣበታል። ባለቤቶቹ ውስጥ ከእሳት ዳር ናቸው። ድምፁ ከውሻው ጩኸት በላይ ካልወጣ የሚሰማው የለም፤ ከመጠን በላይ ከጮኸ ደግሞ ያስቀይማል። በእመቤታችን ስም ሲለምን ቃሉ ደጃፉን አልፎ ከሰው ልብ ካልገባ ቁራሽም አያገኝ። እንግዲህ የድምፅን ልክ ማወቅ የሚጀመረው ከዚህ ነው። በአገራችን የመጀመሪያው የንግግር ትምህርት ቤት ይኸው የሰው ደጃፍ ይመስለኛል።

ከዚያ በኋላ ነገራው ይመጣል። መምህሩ ቅኔ ዘርፈው ምሥጢሩን ይፈቱላቸዋል። ተማሪዎቹም ወደ ዱሩና ወደ ወንዙ ዳር ይበተናሉ። እያንዳንዱ ከየዛፉ ሥር ተከናንቦ ይቀመጥና ቃል ከቃል ሲያጋጥም፣ ሰም ከወርቅ ሲያዋድድ ይውላል፤ ይህ ቆጠራ ይባላል። ሲመለስ ከመምህሩ ፊት ቆሞ የቆጠረውን በቃሉ ይናገራል። ወረቀት የለም። ቤቱ ከጎደለ፣ ሰሙ ለወርቁ ካልሆነ መምህሩ እዚያው በጓደኞቹ መካከል ያርሙታል። አንዳንዴ ጓደኞቹ ይሥቁበታል። ምን ይደረግ? ነገም ተመልሶ ይቆማል። ከነገ ወዲያም ይቆማል። ሁለት ቤት ብቻ ካለው ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ፣ ደረጃ በደረጃ ስምንት ቤት ወዳለው ወደ መወድስ እስኪደርስ ዓመታት ይፈጃል። ደግሞም በበዓል ቀን በቤተ ክርስቲያን የሚቀርብ ቅኔ አዲስ መሆን አለበት፤ ያምናውን መድገም ነውር ነው። ሲያምር ሊቃውንቱ ይበል ይላሉ። ሳያምር ሲቀር ዝም ይላሉ። ያ ዝምታ ከስድብ የከፋ መሆኑን የቀመሰው ያውቀዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። በየቀኑ በሰው ፊት የሚታረም ተማሪ መታረም እንደማይገድል ያውቃል። እኛን የሚያስፈራን ምንድን ነው? በዓመት ውስጥ ከክፍል ፊት የምንቆመው ጥቂት ጊዜ ብቻ ስለሆነ፣ አንዲቱ ስሕተት የሕይወታችን መጨረሻ መስላ ትታየናለች። የቅኔ ተማሪ ግን መሳሳትን እንደ ቆሎ ሲቆረጥመው ይኖራል። በሌላም በኩል የጉባኤ ቤቱ ሥርዓት ብልህ ነው፤ ጀማሪውን ከመወድስ አያስጀምረውም። ሁለት ቤት ተናግሮ ይቀመጥ ዘንድ ይፈቀድለታል። እኛም ማታ ማታ አምስት ስድስት ሆነን ብንቀመጥና እያንዳንዳችን ተነሥተን የነገውን ትምህርት መግቢያ ብቻ፣ ሁለት ደቂቃ ያህል፣ ያለ ወረቀት ብንናገርና ብንተራረም ምን ይከለክለናል? ለዚህ በጀት አያስፈልግም፤ ፈቃጅም አይጠይቅ።

የዜማው ትምህርት ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው። ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ ተብለው በሚከፈሉት የቅዱስ ያሬድ የዜማ ስልቶች የሠለጠነ ሰው ድምፁን እንደ ነገሩ ጠባይ ይለዋውጣል። መቋሚያው እጁን ያሳርፍለታል። ጥዋት ከፍ፣ ማታ ዝቅ ሲል የኖረ ድምፅ ክፍል ውስጥ ገብቶ እንደ ወፍጮ ባንድ ወጥ አይፈጭም። የእኛ ድምፅ ግን ብዙ ጊዜ ይፈጫል፤ ከኋላ ወንበር የተቀመጠው ልጅም ያንቀላፋል። ከዚያ ልጁን እንቆጣዋለን!

የቅኔ ቤት ሥልጠና ሁሉ ለመምህርነት ይመቻል ማለቴ ግን አይደለም። ቅኔ የሚነገረው ለሚያውቅ ሰው ነው። በጎንጅም ይሁን በዋሸራ ወገን የሠለጠነ ባለቅኔ የሚመሰገነው ምሥጢሩን አርቆ በመቅበሩ ነው፤ ቶሎ የሚገባ ቅኔ እንደ ዋዛ ይቆጠራል። ይህን ልማድ እንዳለ ይዞ ከሕፃናት ፊት የሚቆም ሰው አዋቂነቱን ያሳይ እንደ ሆነ እንጂ ማስተማሩ ያጠራጥራል። ከመካከላችንም ከባድ ቃል ሲጠቀም የተማረ የሚመስለው አለ። የዮፍታሔን ሕይወት ትልቅ የሚያደርገው ይህን ድንበር መሻገራቸው ነው። ጥቂት ሊቃውንት ያደንቋቸው ዘንድ የሠለጠኑ ሰው፣ ብዙ ያልተማሩ ሰዎች ይረዷቸው ዘንድ መረጡ።

ይህ የሆነው አዲስ አበባ ከገቡ በኋላ ነው። በ1910ሮቹ ዓመታት ከተማይቱ ከልዩ ልዩ አገር በመጣ ሰው የተሞላች፣ ዘመናዊ ትምህርትም ገና ሥር የሚሰድባት ነበረች። የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1917 ዓ.ም. ነው። በእነዚህ አዳዲስ ትምህርት ቤቶች የሚቀመጡት ልጆች የጉባኤ ቤት ደቀ መዛሙርት አይደሉም። ብዙዎቹ ግዕዝ አይሰሙም። በእነርሱ ፊት መወድስ ቢዘረፍ በባዶ ቤት እንደ መጮኽ ነው። ስለዚህም ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ የቅኔውን ጥበብ ወደ አማርኛ ግጥም አመጡት፤ ሰምና ወርቁን ሳይጥሉ፣ ሰሙ ብቻውን ቢሰማ እንኳ ለልጅ ጣዕም እንዲኖረው አድርገው።

ለዚህ ከሁሉ የሚበልጠው ምስክር የብሔራዊ መዝሙሩ ነገር ነው። በ1916 ዓ.ም. መጨረሻ፣ በዚያን ጊዜ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ካስመጧቸው አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች ጋር የሙዚቃ መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን መጥተው ነበር። ዜማውን እርሳቸው ሠሩ፤ ቃሉን ዮፍታሔ ደረሱ። እስቲ አስቡት። አንደኛው በምዕራባዊ ኖታና በነሐስ መሣሪያ ያደገ፣ ሁለተኛው በመቋሚያና በጸናጽል ያደገ። ባለቅኔው ቃሉን በሰው ዜማ ልክ ሰፍቶ ማስገባት ነበረበት፤ ቀለሙ ቢበዛ ይተርፋል፣ ቢያንስ ይጎድላል። በዚያ ላይ የሚዘምረው ሊቅ ብቻ አይደለም፤ ወታደሩም፣ ተማሪውም፣ ሕፃኑም ነው። መዝሙሩ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በተከበረው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ተሰማ፤ ከዚያም ለብዙ ዘመን የአገሪቱ መዝሙር ሆኖ ኖረ።

አሁን ወደ ቴአትሩ ልምጣ። የአገራችን ቴአትር ታሪክ የሚጀምረው ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የአውሬዎችን ምሳሌ ይዘው በደረሱት ጨዋታ ነው። ይህም በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን፣ በ1910ሮቹ መጀመሪያ ግድም መሆኑ ነው። ጨዋታው ሹማምንቱን በአውሬ እየመሰለ ይነካ ስለ ነበር ታገደ። ከዚያ በኋላ መድረኩ እስከ ዘውዱ በዓል ሰሞን ድረስ ጸጥ አለ። ከዚህ ዝምታ ያወጡት እነማን ናቸው? መኳንንት አይደሉም፣ የውጭ አገር አሠልጣኞችም አይደሉም። የትምህርት ቤት መምህራን ናቸው። ዋነኞቹም ቀኝ ጌታ ዮፍታሔና መላኩ በጎሰው ነበሩ። ይህን ለሠልጣኝ ጓደኞቼ ደግሜ ብናገረው ደስ ይለኛል፤ በኢትዮጵያ የቴአትርን መጋረጃ እንደ ገና የከፈቱት መምህራን ናቸው።

ዮፍታሔ በዚያን ጊዜ የቅዱስ ጊዮርጊስ ትምህርት ቤት ዲሬክተር ነበሩ። ተዋናይ የሚባል ሰው በአገሩ ስለሌለ ተማሪዎቻቸውን አሠለጠኑ። የሴቲቱንም ቦታ የሚጫወተው ወንድ ልጅ ነበር። ነገሩ በወሬ እንደሚቀልለው አልነበረም። በሰው ፊት ወጥቶ መዝፈን፣ ሌላ ሰው መስሎ መናገር የአዝማሪ ሥራ ተብሎ ይናቅ ነበር። ተመልካቾቹም የተራው ሰው ልጆች አይደሉም፤ መኳንንትና መሳፍንት፣ የውጭ አገር መልእክተኞችም ጭምር ናቸው። አንድ የዐሥራ ሁለትና የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ በእነዚህ ሰዎች ፊት ሳይርበደበድ ቆሞ ቃሉን እንዲናገር ማድረግ ምን ያህል ድካም እንደሚጠይቅ፣ ለወላጆች በዓል ሕፃናትን ይዞ አንዲት ጨዋታ ያዘጋጀ ሁሉ ያውቀዋል። ቃሉን ማስጠናት ቀላሉ ነው። ጭንቁ ልጁ ወደ መሬት ሳያይ፣ ሳይቸኩል፣ የኋለኛው ሰው እንዲሰማው አድርጎ እንዲናገር ማድረጉ ነው። ያም የሚገኘው በመደጋገም ነው፤ ቀኝ ጌታ ደግሞ መደጋገምን ከልጅነታቸው ከነገራው ያውቁታል።

ከደረሷቸው ቴአትሮች መካከል ምስክር፣ የሆድ አምላኩ ቅጣት፣ እያዩ ማዘንና አፋጀሽኝ ይገኛሉ። የአንዱ ርእስ ጥቅም ያለበት ጨዋታ ይባላል። እኔ ይህን ርእስ ባየሁ ቁጥር የትምህርት ዕቅድ ከምንጽፍበት ቅጽ አናት ላይ ቢታተም እላለሁ። ጨዋታ ብቻ ቢሆን ልጆቹ ሥቀው ይወጣሉ እንጂ የሚይዙት ነገር የለም። ጥቅም ብቻ ቢሆን ደግሞ ማን ቁጭ ብሎ ይሰማል? ሁለቱን ባንድ አጣምሮ መያዝ ምን ያህል እንደሚያስቸግር ራሳቸው ዮፍታሔም ሳይቀምሱት አልቀሩም። እውነቱን ለመናገር በዛሬ ዓይን ሲታዩ ቴአትሮቻቸው ምክር ይበዛባቸዋል፤ ሰዎቹም ብዙ ጊዜ የጠባይ ምሳሌ እንጂ ሥጋ ለባሽ አይመስሉም። ተቺዎች ይህን ማለታቸው ስሕተት አይደለም። ሆኖም በግጥሙና በመዝሙሩ እያዋዙ ያቀርቡት ስለ ነበር፣ ምክሩ የከበደው ተመልካች እንኳ ለዜማው ሲል ይቀመጥ እንደ ነበር መገመት አይከብድም። ትምህርቱ የከበደ ዕለት ዘፈን ወይም እንቆቅልሽ ጣል የሚያደርግ መምህር ይህን ዘዴ ሳያውቀው ከእርሳቸው ወርሶታል።

በነገራችን ላይ ይህ የደብረ ኤልያስ ሰው ብቻ ዕድል አይደለም። የፍቅር እስከ መቃብር ደራሲ ሐዲስ ዓለማየሁም ከደብረ ኤልያስ፣ ከደብረ ወርቅና ከዲማ ጊዮርጊስ ጉባኤ ቤቶች አልፈው አዲስ አበባ ከገቡ በኋላ በወጣትነታቸው ቴአትር ደርሰው ለመድረክ አብቅተዋል፤ ኋላም በዚሁ በጎጃም አስተምረዋል። አሁን ይህን ጋዜጣ ከምናነብበት ከደብረ ወርቅ ጀምሮ ያለው መንገድ እንዲህ ያሉ ሰዎች ተመላልሰውበታል።

ወደ ዮፍታሔ ልመለስ። በ1927 ዓ.ም. የኢጣልያ ወረራ የማይቀር መሆኑ እየታወቀ ሄደ። በሐምሌ ወር የአገር ፍቅር ማኅበር ተቋቋመና በአዲስ አበባ ሕዝቡን እየሰበሰበ ስለሚመጣው አደጋ ያስረዳ ጀመር። ቀኝ ጌታ ዮፍታሔም በንግግርና በግጥም ሕዝቡን ከሚቀሰቅሱት ሰዎች መካከል ነበሩ። እስከዚያን ጊዜ የቆሙት በሊቃውንት፣ በተማሪና በመኳንንት ፊት ነበር። አሁን ደግሞ ሜዳ ላይ የቆመ ሕዝብ መጣ። ጣሪያ የለም፣ መድረኩም እንደ ነገሩ ነው፤ ሰሚው ከገበያ የመጣ፣ ነገ ለመዝመት ስንቅ የሚሰንቅ ሰው ነው። ከዚህ ሰው ፊት ምሥጢር መቅበር አይቻልም። ቃሉ ዛሬውኑ መግባት አለበት፤ ነገ ጊዜ የለማ! በመስከረም 1928 ዓ.ም. ጦርነቱ ተጀመረ፤ ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ በጠላት እጅ ወደቀች።

ዮፍታሔ ከአገር ወጥተው በስደት ሱዳን ኖሩ። መምህር ያለ ክፍል፣ ደራሲ ያለ መድረክ ሆኖ መኖር ምን እንደሚመስል ለመናገር እኔ አቅሙ የለኝም። ብዕራቸው ግን አልነጠፈም፤ በስደቱም ዘመን ስለ አገራቸው መግጠማቸውን አልተዉም። ድሉ በመጣበት በ1933 ዓ.ም. ወደ አገራቸው ተመለሱ። ከቴአትሮቻቸው ሁሉ ይበልጥ ስሙ የሚነሣው አፋጀሽኝም አገሪቱ ያየችውን መከራ በምሳሌ እያሳየ የሚናገር ነው።

ከድሉ በኋላ ብዙ ዕድሜ አላገኙም። በ1939 ዓ.ም. በአምሳ ሁለት ዓመታቸው ዐረፉ። የሕይወታቸውንና የጽሑፋቸውን ታሪክ በጥንቃቄ ሰብስቦ የጻፈው ገጣሚውና የዩኒቨርሲቲ መምህሩ ዮሐንስ አድማሱ ነው፤ እርሱም የታላቁ የቅኔ ሊቅ የመልአከ ብርሃን አድማሱ ጀምበሬ ልጅ ነው። ዮሐንስ ሥራው ታትሞ ሳያይ ሞተ፤ መጽሐፉ ለንባብ የበቃው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። እንግዲህ የጎጃምን ባለቅኔ ታሪክ ያቆየልን የባለቅኔ ልጅ መሆኑ ነው።

ዮፍታሔ ከሞቱ በኋላ መዝሙራቸው እስከ አብዮቱ ዘመን ድረስ ሳይለወጥ ቆየ። በየጥዋቱ በየትምህርት ቤቱ ሰንደቅ ዓላማ ሲወጣ ሕፃናቱ ተሰልፈው፣ ደረታቸውን ነፍተው፣ ያለ ወረቀት በቃላቸው ይዘምሩት ነበር። በዚያን ዘመን ትምህርት ቤት የነበሩ አዛውንት መምህራኖቻችንን ብትጠይቋቸው ዛሬም ከነዜማው ሳያጓድሉ ይወጡታል። የቃሉ ደራሲ ማን እንደ ሆነ በዚያ ሰልፍ ላይ የጠየቀ ተማሪ ስለ መኖሩ ግን እጠራጠራለሁ።